የሻረግና ሦስቱ የመስመር ጠባቂዎች

የሻረግ አረጋ «አጥፍቻለሁ» ማለት የማይሆንላት ሰው አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ላሊበላ ውስጥ ስለ እሷ የሚወራው ሌላ ስለሆነ ነው። ደረቅ ናት ይሏታል፤ አንገቷ አይታጠፍም፣ ከተቀመጠችበት ወንበር ጋር ሳይቀር ትጣላለች ይሏታል። ውሸት ነው። ያጠፋችውን ታምናለች፤ ያላጠፋችውን ግን ሰማይ ቢደፋባት አታምንም። በሁለት ሺህ ሁለትና ሦስት ዓመተ ምሕረት ገደማ ደግሞ ያላጠፉትን ማመን እንደ ጨዋነት የሚቆጠርበት መሥሪያ ቤት ሞልቶ ነበር።

የተወለደችው ከይምርሐነ ክርስቶስ ወረድ ብላ ባለች መንደር ነው። አባቷ አረጋ ገብስና ባቄላ የሚያመርት፣ ማንበብ የማይችል፣ ግን ወረቀት የሚፈራ ሳይሆን ወረቀት የሚጠረጥር ሰው ነበር። በድንበር ክርክር ጊዜ ውል ይዘው ሲመጡበት አውራ ጣቱን ከኪሱ አያወጣም። መጀመሪያ ያመጣው ሰው ያነብለታል፤ ቀጥሎ ቄሱ ያነቡለታል፤ ከዚያ ደግሞ መንገድ ላይ የማያውቀውን ተማሪ አስቁሞ ያስነብባል። ሦስቱ አንድ ዓይነት ካላነበቡ አይፈርምም። በዚህ ምክንያት ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት ተመላልሷል፤ መሬቱ ግን ዛሬም የእሱ ነው።

ልጁ ላሊበላ ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ስንቋን እየተሸከመች ተማረች። ከዚያ ደሴ ኮሌጅ ገብታ በኮምፒውተር ዲፕሎማ ያዘችና ተመልሳ ላሊበላ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ያወቀው ይወቀው። የሰጧት መስኮት የሌለው ክፍል ነበር፤ ውስጡ አንድ ሰርቨር፣ ከየቢሮው የሚመጡት ኬብሎች የሚሰበሰቡበት ዋና ስዊች፣ ወደ ወልዲያ የሚሄደው መስመርና አንዲት እግሯ የሚወላገድ ወንበር። የሻረግ ያንን ክፍል ትወደው ነበር። በሕይወቷ «የኔ» ያለችው የመጀመሪያው ክፍል እሱ ነው።

መሥሪያ ቤቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ጠዋት ከዞኑ ጋር በቪዲዮ ይሰበሰባል። ሠራተኛው አዳራሽ ይገባል፣ ስክሪኑ ይዘረጋል፣ በሦስት ሰዓት ከሩብ ወልዲያ ያሉት ኃላፊዎች በምስል ይመጣሉ። መምጣት ነበረባቸው ማለቴ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ አልመጡም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ቢተው ማይክራፎኑን ይጨብጡና «ዛሬም ኔትወርክ የለም!» ብለው ይጮኻሉ፤ ስብሰባው በእሳቸው ንግግር ያልቃል።

የሻረግ በስብሰባ ሰዓት ከክፍሏ እንዳትወጣ ታዛለች። እዚያ ሆና ስትሞክረው መስመሩ ይሠራል። ስብሰባው ሲያልቅ አዳራሹ ገብታ ስታየውም ይሠራል። እንግዲህ የዋህ አይደለች፤ ያየችውን ተናገረች። «እኔ ጋ ይሠራል» አለች። ጉድ ያፈላባት ይቺ ቃል ናት። እሷ ጋ ሠርቶ አዳራሽ የማይሠራ ከሆነ፣ የምትቆርጠው እሷ ነቻ! አቶ ቢተው ለዞኑ ደብዳቤ ጻፉ፦ የግንኙነቱ መቋረጥ ምክንያት የባለሙያዋ ቸልተኝነት ነው፤ ሆን ተብሎ የተደረገም ሊሆን ይችላል። «ሆን ተብሎ» በዚያን ጊዜ ቀላል ቃል አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ ግምገማ አለ። ግምገማ የምለው ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተሰብስቦ፣ አንዱ አንዱን ሂስ የሚያደርግበት፣ የተነሳበት ሰው ደግሞ ቆሞ ግለ ሂስ የሚያወርድበት ነው። የሻረግ ቆማ «ጥፋተኛ ነኝ፣ አርማለሁ» ካለች ማስጠንቀቂያ ተጽፎባት ከክፍሏ ትቆያለች። አልልም ካለች ኩልመስክ ወዳለው ቅርንጫፍ፣ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ትዛወራለች። ኩልመስክ ደግ አገር ናት፤ በኩልመስክ ላይ ነገር የለኝም። ግን በዚያ ግምጃ ቤት አካፋና ማዳበሪያ እንጂ አንድ ኮምፒውተር አልነበረም።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ውባንቺ ጓደኛዋ ናት። በር ላይ ያዘቻት።

«አንች፣ አንድ ዐረፍተ ነገር እኮ ናት። በያትና ተገላገይ። እኔ አርፍጄ የማላውቅ ሰው አርፋጅ ነኝ ብዬ ሂሴን ውጫለሁ። ምን ሆንኩ?»

«አንች አልሽ» አለቻት የሻረግ። «እኔ አልልም።»

የዞኑን ኔትወርክ የሚጠብቀው ሐምዳን የሚባል የወልዲያ ልጅ ነው። በስልክ እንጂ በአካል የተያዩት አንድ ጊዜ ነው። ነገሩን ስትነግረው ተናደደ።

«አቦ የሻረግ፣ ወላሂ በኔ በኩል መስመሩ በስብሰባ ሰዓት አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። ግን የኔ ቃል ምን ይረባሻል? ወዳጇ ነው ይሉሻል። ሰው ያልሆነ ምስክር ያስፈልግሻል።»

በሳምንቱ በመኪና ሲዲ ላከላት። ሲዲው ላይ ኔትወርክ የሚጠብቁ ሦስት ፕሮግራሞች ነበሩ፦ ናጊዮስ፣ ዛቢክስና ካክታይ። ሦስቱም ሠሪዎቻቸው የውስጥ አሠራራቸውን ሳይደብቁ ለፈለገ ሁሉ በነጻ የለቀቋቸው ናቸው። ሐምዳን «አንዱን ምረጭና ጫኝ» ብሏት ነበር። የአረጋ ልጅ ግን አንድ አንባቢ አታምንም። ከራሱ ከመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት ሦስት የተጣሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ለመነችና ሦስቱን ለየብቻ ልትጭናቸው፣ አንዱን መስመር ሦስቱም እንዲጠብቁ አድርጋ ልታወዳድራቸው ተነሳች። አቶ ቢተው ማመልከቻዋን ሲፈርሙ «ነጻ ነው? ባለቤት የሌለው ዕቃ ነው በይኛ» ብለው ሳቁባት።

ናጊዮስ አራት ቀን አለፋት። ይህ ፕሮግራም በመዳፊት ጠቅ ጠቅ አያውቅም፤ የምትጠብቀውን ዕቃ ሁሉ በጽሑፍ፣ አንድ በአንድ፣ በቅንፍ ዘግተህ ትጽፍለታለህ። አንዲት ቅንፍ ከረሳህ አልነሳም ይላል። የሻረግ ሁለት ቀን ሰደበችው፤ በሦስተኛው ቀን ወደደችው። አልነሳም ሲል በየትኛው መስመር ላይ እንዳጠፋህ ይነግርሃላ! በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጥፋትህን ከነቦታው የሚነግርህ እሱ ብቻ ነው ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች። አንዴ ከተነሳ በኋላ በየደቂቃው እያንዳንዱን ዕቃ «አለህ?» ይላል፤ ያልመለሰለትን በቀይ ያሳያል፣ ድምፅ ያሰማል። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለውም።

ዛቢክስ የተማረ ነው። ሁሉን ነገር ከአንድ ገጽ ላይ በመዳፊት ታዘዋለህ፤ ይጠብቃል፣ ይጮኻል፣ ግራፍም ይስላል፤ የሌሎቹን የሁለቱን ሥራ ብቻውን ይችላል። ግን ያየውን ሁሉ የሚያከማችበት ዳታቤዝ ይፈልጋል፤ አሮጌው ኮምፒውተር ደግሞ ይህን ሸክም አልቻለም። ገጹን ከፍታ ሻይ ጠጥታ ስትመለስ ገና እየተከፈተ ነው። ነገሩ ካለፈ ከሩብ ሰዓት በኋላ «ኧረ አደጋ!» ብሎ የጮኸበትም ቀን አለ። ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው እንጂ የእሱ አይደለም ብላ ጻፈች። የሻረግ ሌላውን ስትገመግም እንዲህ ናት።

ካክታይ ጩኸት የሚባል አልፈጠረበትም። በየአምስት ደቂቃው በመስመሩ ላይ ምን ያህል እንዳለፈ ይለካና ይስላል። ስዕሉን ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው እንኳ ያነበዋል፦ መስመር ሲሠራ ተራራ፣ ሲቋረጥ ገደል። ችግሩ ማስታወስ ላይ ነው። ትናንትን ደህና አድርጎ ይነግርሃል፤ ያለፈውን ወር ግን አማካይ አውጥቶ በደምሳሳው ነው። ስለዚህ ስዕሉን በዕለቱ ማተም ነበረባት።

እዚህ ላይ ያጠፋችውን ልናገር። የሁለቱን ኮምፒውተሮች ሰዓት ከሐምዳን ሰርቨር እንዲወስዱ አደረገች። ካክታይን ስትጭን ደክሟት ነበርና ሰዓቱን በእጇ ሞላችው፤ የእጇ ሰዓት ሦስት ይላል፣ ሦስት ብላ ሞላች። እንግዲህ ኮምፒውተር በፈረንጅ ሰዓት እንደሚሄድ፣ የእኛ ሦስት ሰዓት የእሱ ዘጠኝ እንደሆነ የማያውቅ የለም። የሻረግም ዓይኗ ለምዶ ዘጠኝ የሚለውን ሦስት ብላ ታነባለች። ሦስት የሚለውንም ሦስት ብላ አነበበችው። ሦስቱ ጠባቂዎች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው፣ አንዱ ከሁለቱ በስድስት ሰዓት ሲለይ፣ ሳይታያት ሳምንታት አለፉ። እንዲህ ያለ ስሕተት ሌላ አገር ማን ይሳሳታል?

በመጀመሪያው ሐሙስ፣ ልክ ሦስት ሰዓት ከዐሥር ላይ፣ ናጊዮስ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ «አዳራሽ» የሚለው ብቻ ቀልቷል። ሰርቨሩ አረንጓዴ፣ ዋናው ስዊች አረንጓዴ፣ ወልዲያ አረንጓዴ። እንግዲያ መስመሩ የተቆረጠው በእሷ ክፍልና በአዳራሹ መካከል፣ በስልሳ እርምጃ ውስጥ ነው። ከክፍሏ መውጣት ክልክል ነው። ወጣች።

በአዳራሹ የጎን መስኮት አየች። በመድረኩ በኩል ሁለት ሶኬት ነበረ፤ አንዱ ባለፈው ዓመት ክረምት ተቃጥሎ የቀረ ነው። በሚሠራው ላይ መሰካት የነበረባት መስመሩን ወደ ስክሪኑ የምታሳልፈው፣ የምሳ ዕቃ የምታህል ትንሽ ስዊች ናት። ገመዷ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። በእሷ ቦታ የተሰካው የድምፅ ማጉያው ነው። ከማጉያው በላይ አቶ ቢተው ቆመዋል።

«ዛሬም ኔትወርክ የለም!» ይላሉ፤ ድምፃቸው እስከ ገበያው ድረስ ይሰማል። «ለምን የለም? ብላችሁ ጠይቁ!»

የሻረግ ሳቀች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመና ንዴቱ መጣ። አንድ ዓመት ሙሉ በኮሪደር ስታልፍ ሰው ዝም ሲልባት፣ ወር በመጣ ቁጥር ኬብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጉልበቷ ተንበርክካ ስትፈትሽ፣ ነገሩ ሁሉ ይሄ ነበር።

ማጉያውን ተሸክሞ የሚያመጣውና የሚመልሰው የጥበቃ ሠራተኛው ነው፤ ጋሼ ወልደ ሩፋኤል። ከስብሰባው በኋላ ለብቻቸው አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ የዚችን ስዊች ገመድ ማን ነው የሚነቅላት?»

«እኔ ነኛ፣ ልጄ። አቶ ቢተው ‹ይችን ንቀልና ማጉያውን ስካ› ብለውኝ ነው። ስንጨርስ እንደነበረች አድርጌ እሰካታለሁ። ምነው፣ ጎደለ ነገር አለ?»

ስትነግራቸው ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ለጡረታ የቀራቸው ሁለት ዓመት ነው። «በሞቴ፣ ስሜን እንዳታነሽው» አሏት። አላነሳም ብላ ቃል ሰጠች።

በማግስቱ አቶ ቢተው ቢሮ ገባች። አልጮኸችም፤ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። «ከቤቴ ማከፋፈያ አመጣለሁ፣ ማጉያውም ስዊቿም አብረው ይሰካሉ። ማንም ሳይሰማ ያልቃል» አለች። ሰውየው ሞኝ አይደሉም፣ ወዲያው ገባቸው።

«ለዞኑ ጽፌያለሁ» አሉ።

«ሌላ ደብዳቤ ይጻፉ።»

«ስሚኝ የሻረግ። ኃላፊ የጻፈውን መልሶ አይውጥም። አንቺ ግምገማው ላይ ያቺን አንድ ቃል በይ፤ እኔ ማከፋፈያውን በማግስቱ አስመጣለሁ። ከክፍልሽም አትነሺም። ሁላችንም እናርፋለን።»

«እኔ አላርፍም» አለችና ወጣች።

ሐምዳን ሳይቀር በስልክ ለመናት። «አንቺ አሸንፈሻል፣ እወቂው፣ ይበቃሻል። ሰውየውን በሰው ፊት አትንኪው» አላት። እሷ የምትለው ግን ሌላ ነው። ስሟ የጠፋው በሰው ፊት ነው፤ ደብዳቤ ላይ ሰፍሮ ወልዲያ ደርሷል። በቢሮ ውስጥ በሹክሹክታ የሚመለስ ስም ምን ይሠራላታል? በሚቀጥለው የስብሰባ ሐሙስ የሦስቱንም መዝገብ በዕለቱ አተመች፤ ወረቀቱን ከትራሷ ሥር አድርጋ አደረች።

የግምገማው ሐሙስ ደረሰ። ጠዋት የዞኑ ስብሰባ ነበረ፤ እንደ ልማዱ ምስል አልመጣም። አቶ ቢተው በማጉያው «ኔትወርክ ስለሌለ በቀጥታ ወደ ግምገማው እንገባለን» አሉ። አርባ የሚሆን ሠራተኛ ተቀምጧል። የሻረግ ስሟ ተጠራ።

«ግለ ሂስ የለኝም» አለች። «ማስረጃ አለኝ።»

አዳራሹ ተንቀሳቀሰ። ወረቀቶቿን አቀረበች። አቶ ቢተው ተቀብለው አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዘው አዩ፤ ፊታቸው በራ።

«ይሄኛው መስመሩ የተቋረጠው ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥር ላይ ነው ይላል። ይሄኛው ደግሞ ሦስት ሰዓት ከዐሥር! በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ! ጓዶች፣ ምስክሮቿ በስድስት ሰዓት ተጣሉ!»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። የሻረግ ወረቀቱን አየችው። ያኔ ነው የታያት። በደከመች ቀን የሞላችው ሰዓት ቁልጭ ብሎ ከወረቀቱ ላይ ተቀምጧል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች።

አርባ ሰው በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። አለችው! ውባንቺ እስክሪብቶዋን አንስታ መጻፍ ጀመረች። አቶ ቢተው በማጉያው «ጥሩ! ይህ ነው የሚጠበቀው...» ብለው ጀመሩ።

«አልጨረስኩም» አለች የሻረግ፣ ያለ ማጉያ። «የሰዓቱ ጥፋት የእኔ ነው። ካክታይን በኛ ሰዓት ሞልቼው፣ ሁለቱ በፈረንጅ ሰዓት ሲሄዱ ሳላስተውል ቀርቻለሁ። የፈረንጁ ዘጠኝ የኛ ሦስት መሆኑን እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። ሦስቱም የሚሉት አንድ ነው፤ መስመሩ የሚቆረጠው ስብሰባ ሲጀመር፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው። አሁንም ተቆርጧል። የት እንደሆነ ላሳያችሁ።»

ወደ መድረኩ ሄደች። አቶ ቢተው «ማን ፈቀደልሽ?» ሲሉ «ማን» የሚለው ገበያው ድረስ ተሰማ፤ «ፈቀደልሽ» የሚለው ግን የፊተኛው ወንበር ጋ እንኳ አልደረሰም። ማጉያውን ነቅላዋለች። ጎንበስ ብላ የስዊቿን ገመድ ከመሬት አነሳችና ሰካች። ከዚያ እጇን አጣምራ ቆመች። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለተኛው በጣም ረዘመ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ የወልዲያው አዳራሽ ብቅ አለ። የዞኑ ኃላፊዎች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ላሊበላን አይቶ ከጎኑ ያለውን በክርኑ ነካው። ድምፃቸው የሚመጣው በማጉያው ስለሆነ አፋቸው ሲንቀሳቀስ እንጂ የሚሉት አይሰማም። እያዩ ግን ነበር።

አቶ ቢተው ስክሪኑን አዩ፣ ሶኬቱን አዩ፣ የሞተውን ማይክራፎን አዩ።

«ቢሆንም» አሉ፣ «በሰዓቱ በኩል ጥፋት እንዳለባት ራሷ አምናለች። ለዚህ የቃል ማስጠንቀቂያ ይሰጣት የምትሉ፣ እጅ አውጡ።»

አንድ እጅ ወጣ። የራሷ የሻረግ ነው። ከእሷ በቀር ማንም አላወጣም።

«ይመዝገብልኝ፣ ውባንቺ» አለች። «ለሰዓቱ አንድ ድምፅ። አሁን ደግሞ በሶኬቱ ጥፋት የለባትም የምትሉኝ፣ እጅ አውጡ።»

ማን ይንቀሳቀስ? ሰው ጫማውን ማየት ጀመረ። ከኋላ፣ ከበሩ ሥር፣ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ተሰማ። ጋሼ ወልደ ሩፋኤል ቆመዋል።

«የነቀልኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ንቀል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ልጅቱ የለችበትም።» ይህን ብለው ቀኝ እጃቸውን አወጡ።

ከመካከል አንድ እጅ ወጣ። ከመስኮቱ በኩል ሁለት። ከዚያ ማን ቀደመ ማን ተከተለ ለማለት የማይቻል ሆነ። ውባንቺ ግራ እጇን አውጥታ፣ በቀኟ እስክሪብቶውን ይዛ፣ ወደ ኃላፊዋ ዞረች።

«አቶ ቢተው፣ ስንት ብዬ ልጻፍ?»

ሰውየው የወጣውን እጅ ሁሉ አዩት። ወልዲያም ከስክሪኑ ላይ ሆኖ ያያል።

«ቁጠሪ» አሉ።